ያላየው አውሮፕላን

«በቀኝህ፣ ከፍ ብሎ ነው ያለው። አየኸው?» አለ ናስረዲን።

ሚክያስ ጆይስቲኩን ጨብጦ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ከላይ ሰማይ፣ ከታች ባሕር፣ ጥቂት ደመና፤ ሌላ ምንም አልታየውም። የት እንዳለ ጠይቆ ሳይጨርስ የአውሮፕላኑ ክንፍ ተገንጥሎ ስክሪኑ በጭስ ተሞላ። ከምሳ ወዲህ ሲመታ ይህ አራተኛው ነው። አራቱንም ጊዜ የመታውን አላየም።

የናስረዲን ኮምፒውተር መጠገኛ ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ነው። ሚክያስ የጃጁራ መስመር ሚኒባሱን ተራ አስይዞ፣ ተራው እስኪደርስ እዚያ ገብቶ የጦር አውሮፕላን ጨዋታ መጫወት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ማን እንደሆነ ከማያውቁት ጠላት ጋር ይዋጋሉ። መጀመሪያ ሰሞን ናስረዲን ጨዋታውን ከተማረበት ቪዲዮ ሰምቶ፣ ጠላት ከቀኝ ሲመጣ «በሦስት ሰዓት» ይል ነበር። ሚክያስ ግን ሦስት ሰዓት ሲባል በለመደው በአገሩ አቆጣጠር፣ የሰዓቱ ዘንግ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ወደሚያርፍበት ወደ ግራ ዞሮ ተመታ። ተሳሳቁና ከዚያ ወዲህ በቀኝ፣ በግራ፣ ከላይ፣ ከታች እየተባባሉ ይበራሉ።

በዚህ ጨዋታ ቀድሞ ያየ ቀድሞ ይተኩሳል። ጠላት ሲመጣ ከጤፍ ቅንጣት የማትበልጥ ጥቁር ነጥብ ናት፤ ነጥቧን ለማግኘት ሰማዩን ከፋፍሎ፣ አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ሌላው እየተሻገሩ መፈለግ ነው። ድሮ ነጥቧን ቀድሞ የሚያያት ሚክያስ ነበር። ናስረዲን «የጭልፊት ዓይን» ይለው ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ይህን ብሎት አያውቅም።

ሚክያስ ስክሪኑ ደብዝዟል ብሎ አማረረ። ናስረዲን ተነስቶ የራሱን ቦታ ለቀቀለት። በዚያም ስክሪን ሚክያስ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳይቆይ ወደቀ። ናስረዲን ጨዋታውን አቆመና ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«አፍንጫዬን እያየህ ቀኝ ዓይንህን ብቻ ክፈት። ጣቴ ሲታይህ ንገረኝ።»

ናስረዲን እጁን ከሚክያስ ጆሮ አጠገብ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ፊት አመጣው። ሚክያስ ጠበቀ። ውጭ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ የሚጠራ ደላላ ድምፅ ይሰማል።

«አሁን» አለ በመጨረሻ።

ጣቱ የናስረዲን የራሱ ጉንጭ ጋ ደርሶ ነበር። ግራውንም ሞከሩት፤ እሱም ከቀኙ ብዙም አይሻልም።

ናስረዲን እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ስለ አጎቱ ነገረው። አጎቱ በሩ እያለለት ከመቃኑ ጋር መጋጨት ሲያበዛ ቤተሰቡ ይስቅበት ነበር። በኋላ ሐኪም ቤት ሲወስዱት ግላኮማ ነው፣ ዕይታን ከጎን ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያጠፋ የዓይን በሽታ ነው ተባለ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ነው መድኃኒቱ አሉት።

«መሃሉ ደህና ነው» አለ ሚክያስ። «ታርጋ ከሩቅ አነባለሁ። ትናንት እንኳን…»

«አጎቴም ቁርአኑን ያነብ ነበር። ሚኪ፣ ዛሬ አትንዳ።»

ስልኩ ጮኸ። ረዳቱ ጋሽ ቸኮል ነበር፤ ተራችን ደርሷል፣ ሰው ሞልቷል አለው። ሚክያስ ናስረዲንን ለማንም እንዳይናገር ለምኖት ወጣ።

ከሱቁ እስከ መኪናው መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች መቶ እርምጃ ውስጥ የዓመቱ ነገር ሁሉ መጣበት። ከየት እንደመጣ ያላወቀው የአህያ ጋሪ። በገዛ ግቢው በር የሰበረው ስፖኪዮ። ድንገት ገባብኝ ብሎ የሰደበው የባጃጅ ሹፌር። ለካ ድንገት የመጣ አልነበረም። ሁሉም ቀስ ብሎ፣ በወጉ ነው የመጣው።

ዛሬ አልነዳም ቢልስ፣ ነገ ምን ሊሆን ነው? ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ሚስቱ ገነቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተኚ ተብላለች። መኪናዋን የገዛላቸው ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሟ ሽብሩ ነበር። አሁን ሱቁ ተዘርፎበት የእነሱን እጅ የሚያየው እሱ ሆኗል። «ጌታ ሆይ፣ ልጁ እስኪወለድ ብቻ» እያለ በልቡ ለመነ። ሁለት ወር። አንገቴን እያዞርኩ እነዳለሁ፣ በጨዋታው እንደማደርገው መንገዱን ከፋፍዬ አያለሁ ብሎ ከራሱ ጋር ተስማማ።

መሪውን ጨብጦ ከመናኸሪያው ሲወጣ ጀርባው በላብ ርሶ ነበር። ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ። እንደገና ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ። ጋሽ ቸኮል እንደልማዱ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው።

«በቀኝ ባጃጅ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «በግራ ጋሪ፣ ቀስ።»

ሚክያስ ይህን ድምፅ ለወራት ሰምቶታል። ዛሬ ግን ትርጉሙ ገባው። ረዳት ተሳፋሪ ይጠራል፣ ወራጅ አለ ይላል፤ መንገድ የሚያይለት ረዳት ያለው ሹፌር ግን እሱ ብቻ ነው።

ከከተማው ወጥተው ጥቂት እንደሄዱ የአንዲት ተሳፋሪ ጆንያ ተንሸራቶ ጋሽ ቸኮል ሊያስተካክል ጎንበስ አለ። ሚክያስ ግራውን አየ። መሃሉን አየ። ወደ ቀኝ ሊዞር ሲል ጋቢና የተቀመጠ አንድ መምህር እጁን ሰዶ መሪውን ያዘበት። ሚክያስ ፍሬን ረገጠ። ከመኪናዋ ሥር የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ።

ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከጎማው ሥር የተጨፈለቀ ቢጫ ጀሪካን አለ፤ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። ከጀሪካኑ ክንድ በማይሞላ ርቀት ልጅ ያዘለች ሴት ቆማለች። ልጁ እንቅልፍ ላይ ነው። ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ ጀሪካኑን አይታ እሱን አየችው።

«ቆሜ እየጠበቅኩህ ነበር። ፍጥነትህን ዝቅ ስታደርግልኝ ነው የተሻገርኩት» አለች። «አላየኸኝም?»

ጋሽ ቸኮል መጥቶ ይቅርታ ጠየቃት፤ ከመኪናው የራሳቸውን የውሃ ጀሪካን አውጥቶ ሰጣት። እሷም የልጁን እግር በእጇ እየዳበሰች ሄደች።

ሚክያስ ከመኪናዋ ኋላ ሄዶ ቁጢጥ አለ። ጋሽ ቸኮል ተከተለው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?» ብሎ ሚክያስ ጠየቀው።

«ከያሆዴ በዓል ወዲህ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትቆማለህ። ብትቆም እኔስ የት እገባለሁ? በዚህ ዕድሜዬ ማን ረዳት ያደርገኛል? እኔ እያየሁልህ እንዘልቀዋለን ብዬ ነበር።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «አሁን ለአንድ ጆንያ ነው ጎንበስ ያልኩት፣ ልጄ።»

ሚክያስ ሊቆጣው ፈልጎ አቃተው። እሱም ሁለት ወር ብሎ ከራሱ ጋር የተስማማው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው።

ተሳፋሪዎቹ ገበያው እየተበተነብን ነው እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። ሚክያስ ስልኩን አውጥቶ ተራ አስከባሪውን ሌላ መኪና እንዲልክ ጠየቀው። ጋሽ ቸኮል በጆሮው፣ ቀስ ብለን ብንደርስ አይሻልም ወይ አለው። ሚክያስ «አይሆንም» አለ።

ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ የኃይለኢየሱስ ሚኒባስ መጣ። ኃይለኢየሱስ በዚሁ መስመር የሚሠራ፣ ወሬ የማያድርበት ሹፌር ነው። ወርዶ ጎማዎቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፤ መኪናዋ ምን እንደነካት ጠየቀ። ሰዎቹ ዕቃቸውን ይዘው ዙሪያውን ቆመዋል።

«ፍሬኗ ነው» አለ ጋሽ ቸኮል ፈጠን ብሎ። «ትንሽ እየያዘ አስቸገረን፣ ጋራዥ…»

ኃይለኢየሱስ ራሱን ነቀነቀ፤ አመነው። ሚክያስ ነገሩ በዚህ ሊያልፍ እንደሚችል ገባው። ዛሬ ፍሬን፣ ነገ ጋራዥ፣ ከነገ ወዲያ ተራ። ገነቴ ሶፋው ላይ እግሯን ከፍ አድርጋ የእሱን የመኪና ድምፅ የምትጠብቀው ታወሰችው።

«ፍሬኗ ደህና ነው» አለ። «ዓይኔ ነው፣ ኃይሌ። በጎን የሚመጣውን አላይም። አሁን አንዲት ሴት ከነልጇ ልገጭ ነበር።»

ጋቢና የነበረው መምህር መነጽሩን አውልቆ ያዘ። አንዲት እናት ጆንያዋን እንደታቀፈች ከሚኒባሷ አንድ እርምጃ ራቅ አለች። ጋሽ ቸኮል ፊቱን ወደ እርሻው አዞረ።

ሚክያስ ቁልፉን ለኃይለኢየሱስ ዘረጋለት። ሰዎቹን አድርሶ ሲመለስ ሌላ ሹፌር ይዞለት እንዲመጣና መኪናዋን እንዲያስገባለት ለመነው። ኃይለኢየሱስ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ትከሻውን ጨበጥ አደረገውና ሰዎቹን ጭኖ ሄደ።

የኃይለኢየሱስ መኪና ሲርቅ ሚክያስ ስልኩን አነሳ። የገነቴን ቁጥር ነካ፤ ሳታነሳ በፊት ግን ዘጋው። ይህን በስልክ አይነግራትም። ጋሽ ቸኮል መንገዱ ዳር ወዳለው ሣር ሲሄድ አየውና ተከትሎት አጠገቡ ተቀመጠ።