የውሸቱ ጣቢያ አለቃ

ሰርቦ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ቡና ሳጥብ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ላይ ቀርቷል፤ ይህንንም እንዳልረሳ የሚያስታውሰኝ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ከተማው ውስጥ ጊንጆ ሰፈር ለሚሰጥ የኮምፒውተር ስልጠና ስጠራ፣ ወንበር ለማመላለስ የፈለጉኝ መስሎኝ ነበር።

የማጠብ ልምዴን ፈልጋ የጠራችኝ አሰልጣኟ ፈድሊያ ትባላለች። ሰልጣኞቹ የግብርና መምህራን ናቸው። አዲስ ሠራተኛ እውነተኛ ቡና ሳያበላሽ የሚለማመድበት የውሸት ማጠቢያ ጣቢያ ኮምፒውተር ላይ መሥራትን ነው የምታስተምራቸው።

ልዑል የሚባለው ወጣት መምህር የሠራውን አሳየኝ። የተፈለፈለው ቡና ተብላልቶ ልጋጉን እንዲለቅ ገንዳ ይገባል፤ ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላ ደወል ይጮኻል፤ ሠራተኛው ያጥባል።

«ብርድ ከሆነስ?» አልኩት።

«መጽሐፉ ሃያ አራት ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«መጽሐፉ ሰርቦ ዘንቦበት አያውቅማ። እጅህን ከተህ ፍሬውን ታሻለህ። ከተሙለጨለጨ ገና ነው፤ እንደ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ደርሷል።»

ፈድሊያ ሳቀች። «ልዑል፣ ደወልህን ንቀል። ጋሽ ሙሐመድሳኒ፣ አሁን ደግሞ ሠራተኛ የት ላይ እንደሚሳሳት ይንገሩን። ስህተቱን ካላወቅን ማሽኑ ምን ብሎ ያርመዋል?»

በደንብ የማውቀው ስህተት የራሴ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ገንዳ ቡና በእጄ ተበላሽቶ ሰው ፊት ተዋርጃለሁ። ለሚስቴ ለዙቤይዳ እንኳን በቅጡ አልነገርኳትም። እነዚህ የተማሩ ሰዎች ሊስቁብኝ ነው። ዝም ብል ግን ለከርሞ የሚቀጠረውም እንደኔ ሊሆን ነው።

«እንዳልደረሰ አሽቼ አውቄ ነበር» አልኩ። «የጣቢያው አለቃ ‹እሸት ቡና የጫነ መኪና መጥቷል፣ አጥበህ ገንዳውን ልቀቅ› አለኝ። አልደረሰም ስለው ‹ከመቼ ወዲህ ነው ስድስተኛ ክፍል የሚያስተምረኝ?› አለ። አጠብኩ። ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ሻገተ፤ ጥፋቱ የእኔ ሆነ።»

ማንም አልሳቀም። ልዑል ወንበሩን አስጠጋ።

«እኛ በሠራነው ጣቢያ ውስጥ አለቃ የለም እኮ፣ ጋሼ። ልጨምር?»

«ኤዬ፣ ጨምር።»

የሰውዬውን ጠባይ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ መናገሩን፣ ገንዳው አጠገብ ሳይደርስ ማዘዙን። ወላሂ፣ ይህን ያህል ሰምቶኝ የሚጽፍ ሰው አላውቅም። ልዑል ጽፎ ቀና አለ።

«ሠራተኛው ምን ብሎ ይመልስለት?»

ያን ቀን ምንም አልመለስኩም ነበር።

«‹ራስዎ እጅዎን ከተው ይዩት› ይበለው» አልኩ።

«አለቃው ቢያባርረውስ?» አለ ልዑል።

«ሊያባርረው ይችላል። እሱንም ጻፍ፤ ሠራተኛው አውቆ ይምረጥ።»