የሴና ሴሚናር

ሃዋኒ አምቦ ከተማ በሚገኝ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ስታስተምር አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሴና ተማሪዋ ነበረች፤ የእጃጂ ከተማ ልጅ፣ ጎበዝ። ተመርቃ እዚያው ስትቀጠር ከጎኗ ጠረጴዛ ያስለቀቀችላት ራሷ ሃዋኒ ናት።

ባለፈው ዓመት ለአንድ መምህር ካናዳ የመማር ዕድል መጣ። ትምህርቱ አሸዋ ውስጥ የሚገኘውን ሬንጅ የመሰለ ወፍራም ድፍድፍ አቅጥኖ ለነዳጅ ስለማብቃት ነው። ሁለቱም አመለከቱ፤ ሴና አለፈች። ሃዋኒ «በጋ ገመዴ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብላ ሳመቻት። ቤቷ ስትገባ ግን እህል አልወርድ አላት።

ሴና ከመሄዷ በፊት ሴሚናር እንድታቀርብ ተጠየቀች። በዋዜማው ጽሑፏን ለሃዋኒ ሰጠቻት።

«የሳትኩት ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

ሦስተኛው ገጽ ላይ ጉድለት ነበረው፤ ድፍድፉ ውስጥ ስላሉት ብረቶች አንድም ቃል የለም። ሃዋኒ አየችው። «ጥሩ ነው» ብላ መለሰችላት።

በማግስቱ ሴና ቆማ አስረዳች። «ሬንጁ የወፈረው ካርቦኑ በዝቶ ሃይድሮጂኑ ስላነሰ ነው። ስለዚህ ወይ በኃይለኛ ሙቀት ሰባብረን ትርፉን ካርቦን እንደ ከሰል እናስቀረዋለን፣ ወይ ለውጡን በሚያፋጥን ካታሊስት እየረዳን ሃይድሮጂን እንጨምርበታለን። በሁለተኛው የበለጠ ዘይት ይገኛል።»

የክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ጋዲሳ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃዋኒን ይህ አንገበገባት። እጇን አወጣች።

«ድፍድፉ ውስጥ ኒኬልና ቫናዲየም አለ። ካታሊስትሽ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

ሴና ወረቀቷን አገላበጠች። «አላየሁትም» አለች በመጨረሻ። ኦቦ ጋዲሳ ሰዓታቸውን አዩ።

ሰው ሲወጣ ሴና ወደ ሃዋኒ መጣች። «ብረቶቹ ምን ያደርጉታል?»

«የካታሊስቱን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናሉ። ቶሎ ይሞታል።»

«ትናንት አላዩትም ነበር?»

ሃዋኒ መዋሸት አቃታት። «አይቼዋለሁ። ቀንቼብሽ ነው።»

«ለእናቴ፣ ከመምህሬ በላይ የማምነው ሰው የለም ብያት ነበር» አለች ሴና። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

በመስከረም መናኸሪያው ላይ ሃዋኒ ልትሸኛት መጣች። ሴና ጉንጯን ሳይሆን እጇን ሰጠቻት። «ደህና ይሁኑ» ብላ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ሚኒባሱ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ሃዋኒ በእግሯ ተመለሰች። በራሷ አፍራለች። ግን መንገዱን ሙሉ እየቀናች የምታስበው ሴና ካናዳ ስለምትሠራበት ቤተ ሙከራ ነበር።