የማይጎረብጥ ጎማ

ደመቀ ወረቀት ይወድ ነበር፤ ማንበቡን ሳይሆን ማስቀመጡን። የወባ ሠራተኞችን ወደየገጠሩ በሚያሰማራ አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ጎንደር አራዳ ካለው ቢሮ ከተቀመጠ ስምንት ዓመቱ ነው። በነዚህ ስምንት ዓመታት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ጠፍታበት አታውቅም። ማኅተም ያለበትን በየርእሱ፣ ማኅተም የሌለበትን ደግሞ «ልዩ ልዩ» በሚል ፋይል ቁጥር ሰጥቶ ከብረት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፍበታል። ቁልፉ ከቀበቶው አይለይም። ሚስቱ ብርቄ «የሚተኛውም ከቁልፉ ጋር ነው» እያለች ስታሾፍበት፣ እንደ ምስጋና ይቆጥረው ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ለመሥሪያ ቤቱ አሥር ብስክሌቶች ከውጭ አገር መጡለት። የፊት ጎማቸው እምብርት ከለመድነው ሰፋ ያለ ነው፤ ዲናሞው እዚያ ውስጥ ተደብቋል። ጎማው ሲዞር መብራቱ ይበራል። የባትሪ ድንጋይ አይገዛለት፣ እንደ ሌላው ዲናሞ ጎማ ላይ ተለጥፎ አያላዝን። እስከ ማክሰኝትና እስከ እንፍራንዝ በየቀበሌው እየዞሩ የትኩሳተኛ ደም ለምርመራ የሚወስዱት ሠራተኞች፣ መንገድ ላይ ሲመሽባቸው ለጭነት ማኪና የሚታዩበት ነገር አገኙ። ፋብሪካውም የሁለት ዓመት ዋስትና ሰጠ። በየሳጥኑ ከብስክሌቱ ጋር አንዳንድ ስስ የእንግሊዝኛ ወረቀት ነበረች። ማኅተም የላትም። ደመቀ አሥሩንም ሰብስቦ «ልዩ ልዩ፣ ቁጥር 47» ብሎ ቆለፈባቸው።

ብስክሌቶቹን እንዲንከባከብ የተመረጠው ሰው ላይ ማንም አልተከራከረም። ጋሽ ዐብዱረሕማን ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ እጃቸው ከግራሶ ያልወጣ ሰው ናቸው፤ አራዳ ውስጥ አንድ በር ያላት ሱቅ አለቻቸው። የጠገኑት ነገር ዳግመኛ ከተበላሸ፣ ዓመት አለፈው ሁለት ዓመት አለፈው ሳይሉ ያለ ምንም ክፍያ ይሠሩታል። «እጄ የነካው ከቆመ መልሳችሁ አምጡት» ከማለት በቀር ሌላ የዋስትና ወረቀት አያውቁም። አንድ ጊዜማ ላንድ መምህር ፍሬን አጥብቀው ከሰጡ በኋላ ልባቸው አላምን ብሏቸው፣ ሱቃቸውን ዘግተው እስከ አዘዞ በእግራቸው ተከትለውት ሄደዋል። ፍሬኑ ምንም አልሆነም ነበር። ነክተው አይተው፣ ሰላምታ ሰጥተው ተመለሱ።

ክረምቱ ወጥቶ 1974 ሲብት ደመቀ ብስክሌቶቹ በሙሉ ታጥበው ግራሶ እንዲቀቡ አዘዘ። ጋሽ ዐብዱረሕማን ደግሞ የዘልማድ እጥበት አይሆንላቸውም። እያንዳንዱን እምብርት ፈትተው፣ ከውስጡ ቀለበት የመሰለውን ማግኔት አውጥተው፣ በላምባ አጥበው፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ እየደረደሩ አሳደሩ። በማግሥቱ ገጥመው ሲሰጡ ሠራተኛው ሁሉ ተደነቀ። በፊት ጎማውን አንስተው በእጅ ሲያዞሩት ጎርበጥ ጎርበጥ ይል ነበር፤ አሁን ግን ቅቤ ሆነ። አንድ ሰው ብቻ ይህ በረከት ሳይደርሰው ቀረ። እንፍራንዝ የተመደበው አንዳርጋቸው፣ ስንፍናው የተመሰከረለት፣ ብስክሌቱን ይዞ ና ቢባል ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ደመቀ ማኅተም ያለበት ማስጠንቀቂያ ጻፈበት።

ሳምንትም ሳይሞላ መብራቶቹ ፈዘዙ። ጋሽ ዐብዱረሕማን አምፖል ቀየሩ፣ ሽቦ ቀየሩ፤ አልሆነም። እምብርቱን እንደገና ፈትተው አጠቡ፤ ባሰ። ያን ሰሞን ዓይናቸው እየጎደጎደ ሄደ፤ በሕይወታቸው እጃቸው እንዲህ አሳፍሯቸው አያውቅም። ደመቀ ግን አልተጨነቀም፤ ዋስትና አለ። አንዱን እምብርት ለናሙና አስይዞ ለፋብሪካው ጻፈና መልስ መጠበቅ ጀመረ።

መልሱ ሳይመጣ ወልደኢየሱስ የሚባለው ሠራተኛ ምሽት ላይ ከማክሰኝት ሲመለስ አንድ የጭነት ማኪና ሳያየው ደረሰበት። ራሱን ከቦይ ወርውሮ ነፍሱን አተረፈ፤ የትከሻው አጥንት ግን ተሰበረ። ያኔ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ካሣዬ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚለውን ቃል ካፉ አወጣ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል እንደ ዋዛ የሚነገር አልነበረም። ባለፈው ዓመት የጎረቤት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ጠባቂ በዚሁ ቃል ተወስዶ ከስምንት ወር በኋላ ሲመለስ፣ ልጆቹ አላወቁትም ነበር። ደመቀ ያንን ሰው በየቀኑ በበሩ ሲያልፍ ያየዋል።

አንድ ቀን ወደ ማታ፣ አንዳርጋቸው አንድ ጉዳይ ገጥሞት ከነብስክሌቱ በአውቶቡስ ጎንደር ገብቶ አራዳን ሲያቋርጥ ጋሽ ዐብዱረሕማን ከሱቃቸው ደጅ ቆመው አዩት። ብስክሌቱ ጭቃው ደርቆ ተጋግሮበታል፤ መብራቱ ግን ቦግ ብሏል። አስቆሙት። የፊት ጎማውን አንስተው በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። ጎርበጥ ጎርበጥ አለ። እንደገና ገፉት። አንዳርጋቸው እንደ ለመደው ስለ እጥበቱ ሊቆጡት መስሎት ሰበብ መደርደር ጀመረ፤ እሳቸው ግን አልሰሙትም።

በማግሥቱ ጠዋት ከደመቀ ቢሮ ገቡና «ደመቀ፣ በሩን ዝጋው» አሉ።

«ምነው ጋሽ ዐብዱረሕማን፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

«የገደልኋቸው እኔ ነኝ።» ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለው ማግኔቱ ብረቱን ሲይዝ ነው። ሕይወቱ እሱ ነበር። እኔ ግን ከብረቱ አውጥቼ ለብቻው ባሳደርሁት ጊዜ ኃይሉ አለቀ። ጎማው ቅቤ ሆነ ብላችሁ አመሰገናችሁኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። የማይጎረብጠው የሞተው ነው።»

ደመቀ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን እርስዎ ካልተናገሩ ማን ያውቃል? ዋስትና አለን፤ ፋብሪካው ይተካዋል።»

«ፋብሪካው ዋስ የሚሆነው ለሠራው ነው። ላፈረስሁት ዋሱ እኔ ነኝ።» ቀጠሉና፣ «አትፍቱ የሚል ወረቀት ቢኖር መቼም ታሳየኝ ነበር» አሉ።

የደመቀ ዓይን ሳያዘው ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። ፈጥኖ ወደ መስኮቱ መለሰው። «አዎ፣ ቢኖርማ አሳይዎት ነበር» አለ።

ሽማግሌው ሲወጡ በሩን ቆልፎ ቁጥር 47ን አወጣ። እንግሊዝኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለደረሰ ሰው የሚያቅት አልነበረም። ማግኔቱን በምንም ምክንያት ከብረቱ አታውጡ ይላል፤ ከወጣ ኃይሉን ያጣል፣ ዋስትናውም ይቀራል። ሦስት መስመር ናት። ከሳጥኑ የወጣች ዕለት ቢያነባት ሁለት ደቂቃ አትፈጅበትም ነበር። ሊያቃጥላት አሰበ፤ ግን ወረቀት አጥፍቶ አያውቅምና እጁ እምቢ አለው። መልሶ ቆለፈባት፣ ለብርቄም አልነገራትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የፋብሪካው ደብዳቤ ከነናሙናው መጣ። እምብርቱ ተፈትቷል፤ የሚከለክለው ጽሑፍ በየሳጥኑ ነበር፤ ስለዚህ ዋስትናው አይሠራም። ሰኞ ዕለት ስብሰባ ተጠራ፣ ጋሽ ዐብዱረሕማንም ተጠሩ። ጓድ ካሣዬ ደብዳቤውን ካስነበበ በኋላ «ማን ነው የፈታው?» አለ።

ጋሽ ዐብዱረሕማን ሳይጠየቁ ተነሡ። «እኔ ነኝ። የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ፈታሁት። ባለእጅ ሰው እንዲህ ማድረግ አልነበረበትም።»

«ማን አዘዘዎት?»

«ፍታ ያለኝ የለም። እጠብ ነው የተባልሁት፤ መፍታቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ አምስት ቀን ስጡኝ፣ ወደ ሕይወት እመልሳቸዋለሁ። ካቃተኝ በዚያን ጊዜ የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

ስብሰባው ውስጥ ከነበረው ሰው ግማሹ ብስክሌቱን እሳቸው ዘንድ ያስጠገነ ነው፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ጓድ ካሣዬ ጸሐፊዋን «ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፊ» አላት። ከዚያ ወደ ደመቀ ዞረ፤ «ይህ ደብዳቤ በየሳጥኑ ነበር የሚለው ጽሑፍ እኛ ዘንድ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?»

አልደረሰም ማለት ቀላል ነበር። ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ አንድ ነው። ደመቀን ያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ትዝ አለው፣ ልጆቹም ትዝ አሉት። ከዚያ የጸሐፊዋ እስክሪብቶ «ዐብዱረሕማን» ብላ ስትጨርስ አየ። ከተቀመጠበት ሲነሣ የቀበቶው ቁልፍ ተንቀጫቀጨ።

«ደርሷል» አለ። «ከእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቁጥር ሰጥቼ ቆለፍሁበት እንጂ አላነበብሁትም። ካነበብሁት በኋላም ደበቅሁ። እሳቸው ጠይቀውኝ ነበር።»

ወረቀቶቹን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው፤ አሥሩም አሉ፣ አንዷም አልታጠፈችም። ጓድ ካሣዬ አንድ በአንድ ገለበጣቸው። የሚያስረው ሰው ፈልጎ የመጣ ሰው ሁለት ሰዎች ጥፋቱን ሲሻሙበት ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። በመጨረሻም አሥራ አምስት ቀን ፈቀደ።

ጋሽ ዐብዱረሕማን በጣልያን ጊዜ፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ አንድ መካኒክ የደከመ የማኪና ማግኔት በባትሪ ሲያስነሣ አይተው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ያዩትን ነገር ነው ከአርባ ዓመት በኋላ ከአእምሯቸው ፈልቅቀው ያወጡት። ከእህል ነጋዴው ከአብዱልጀሊል ሁለት የጭነት ማኪና ባትሪ ተዋሱ። ማግኔቱን ከብረቱ ጋር አጋጥመው፣ የመዳብ ሽቦ ጠምጥመውበት፣ ኤሌክትሪኩን ለቅጽበት ነክተው ይለቃሉ፤ ትንሽ ካዘገዩ ሽቦው ይነድዳል። አንዱ ነደደ። ከአሮጌ ሬዲዮ ላይ መዳብ አውጥተው፣ መነጽራቸውን በክር አስረው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጠመጠሙት። በአሥራ አራተኛው ቀን ዘጠኙም ጎረበጡ። መብራታቸው እንደ አዲስነታቸው ባይሆንም ከሩቅ የሚታይ ነበር። ደመቀ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ እየሄደ መሣሪያ ያቀብላቸው ነበርና፣ ያን ያህል ትዕግሥት ከአንድ ሰው እጅ ሲወጣ በሕይወቱ አላየም።

ደመቀ አልታሰረም። ከንብረት ክፍል ተነሥቶ እንፍራንዝ ተመደበ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍም ለአንዳርጋቸው ተሰጠ። ምንም ነገር የማይነካ ሰው ለንብረት ክፍል ይሻላል ተብሎ ነው መሰል። ብርቄ ዕቃውን ስትሸክፍ «ዛሬ ያለ ቁልፍ ልትተኛ ነው» አለችው፤ ግን ስትስቅ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

የሚሄድ ቀን ብስክሌቱን ሊወስድ ከሱቁ ገባ። ጋሽ ዐብዱረሕማን መያዣውን በጨርቅ እየወለወሉ «ከሥር አንድ ወረቀት አስሬልሃለሁ፤ በአማርኛ ነው፣ አንብበው» አሉት። በእጃቸው የጻፉት ነው፤ እምብርቱን አትፍታ፣ ከፈዘዘ ወደ እኔ አምጣው ይላል። ደመቀ እዚያው ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ጋሽ ዐብዱረሕማን፣ ያን ዕለት ዋሸሁዎት» አለ።

«አውቄያለሁ። ዓይንህ ወደ ቁም ሳጥኑ ሲሄድ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው በስብሰባው ላይ ዝም አሉ?»

«መች ዝም አልሁ? የእኔን ተናገርሁ። ያንተን እኔ ብናገረው ላንተ ምን ይቀርልህ ነበር?»

ደመቀ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው አቀኑት፣ ጎማውንም አንስተው እንዲያዞረው አሳዩት። በመዳፉ ገፋ አደረገው፤ ጎርበጥ ጎርበጥ አለ። ከሰዓት በኋላ ከጎንደር ወጣ። ወደ ማክሰኝት ሲቃረብ ፀሐይዋ ጠለቀች፣ ወልደኢየሱስ የወደቀበት ቦይ ጋ ሲደርስም ዓይን ያዝ አደረገ። ከፊቱ አቀበቱን የሚወጣ አንድ የጭነት ማኪና የብስክሌቱን መብራት ከሩቅ አየና ቀስ ብሎ መንገድ ለቀቀለት።