አስራ አንድ ሰው በአንድ ሜዳ

ኢየሩስ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌ ከተማ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ልቧ ያለው ግን ፎቶ ላይ ነው። ይህን የሚያውቀው የኦክላንዱ እግር ኳስ ቡድን አምበል ሙስጠፋ፣ ቡድኑ ለሚሳተፍበት ውድድር መጽሔት የሚሆን የቡድን ፎቶ እንድታነሳላቸው ለመናት። እስከ አርብ መድረስ ነበረበት። ችግሩ ተጫዋቾቹ ለልምምድ እንኳ ከሰባት በላይ ተሟልተው አያውቁም፤ አንዱ ከሥራ ሺፍት ሲወጣ ሌላው ይገባል።

ኢየሩስ ሁሉንም በያሉበት አንስታ በፎቶሾፕ አንድ ሜዳ ላይ እንደምታቆማቸው ነገረችው። ሙስጠፋ አላመናትም፤ ግን ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

ማልያውን መኪናዋ ውስጥ ጭና ዞረች። ግብ ጠባቂውን ጋሻውን ሪችመንድ ከተማ ከሥራ ሲወጣ ጠብቃ አነሳችው። ሁለቱን ወንድማማቾች ካስትሮ ቫሊ ባለው ቤታቸው በር ላይ አቆመቻቸው። የቀሩትንም እንዲሁ አዳርሳ፣ በመጨረሻ ባዶውን ሜዳ አነሳች።

ቤቷ ያለው ፎቶሾፕ የዘንድሮው ነው። አንድ ቁልፍ ስትጫን ሰውየውን ከጀርባው ግድግዳ ለይቶ ያወጣላታል። እያንዳንዱን ተጫዋች በራሱ ሌየር ላይ አስቀመጠች፤ ሌየር ማለት አንዱ በአንዱ ላይ እንደሚነባበር ስስ መስታወት ነው። አስራ አንዱም ተደረደሩ። ግን ሰዎቹ ሳሩ ላይ የቆሙ አይመስሉም፤ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ያሉትን የጥላ ኢፌክቶች ሁሉ ሞከረች፣ አልሆነም።

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ፋይሉን በፍላሽ ይዛ ሳን ሆዜ ወረደች። እዚያ ጋሼ ዓንዶም የሚባሉ፣ ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት የሠሩ ኤርትራዊ አሉ። የእሳቸው ፎቶሾፕ ከወጣ አስራ አምስት ዓመት አልፎታል። ፋይሉ ሲከፈት አንዳንዱ ኢፌክት የለም። ያንን አንድ ቁልፍ ብትፈልግ አጣችው፤ ሜኑው ሁሉ ሌላ ነው። በከንቱ የመጣች መሰላት።

ጋሼ ዓንዶም ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ቁልፉን ተዪው ልጄ። ጥላ ከምን ይመጣል?»

«ከብርሃን።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ፀሐይዋን ፈልጊያት።»

የሜዳውን ፎቶ አስተውላ አየችው። የግቡ ቋሚ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል። የጋሻውን ሌየር ኮፒ አድርጋ ጥቁር ቀባችው፤ ወደ ግራ ሳሩ ላይ አስተኛችው፤ ጠርዙን አደብዝዛ ከጋሻው ሥር አስገባችው። ቀጥሎ ጋሼ ዓንዶም ሌየሩን ከሥሩ ካለው ጋር የሚያዋህደውን፣ መልቲፕላይ የሚለውን እንድትመርጥ ነገሯት። ጥቁሩ ሳሩን ሳይሸፍነው አጠቆረው።

«እግሩ መሬት ነካ» አለች ኢየሩስ። ሳታውቀው ከወንበሯ ተነስታ ቆማ ነበር።

የቀሩትን አስር ለመሥራት እጇ አልበቃ አላት። አንደኛው ተጫዋች ፊቱ ላይ ብርሃኑ በተቃራኒው ስለነበር ምስሉን ገለበጠችውና ኮራች። ጋሼ ዓንዶም ግን ማልያው ላይ በጣታቸው ጠቆሙ፤ ሰባት ቁጥር ተገልብጧል። ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁ። ትክክለኛውን ቁጥር ከመጀመሪያው ፎቶ ቆርጣ በሌላ ሌየር ደረበችበት።

ቤቷ ገብታ በአዲሱ ፎቶሾፕ ስትከፍተው በእጇ የሠራችው ጥላ አንዱም ሳይጎድል መጣ። እየዘለለች ለሙስጠፋ ላከችው። እሱም በቡድኑ ግሩፕ ለቀቀው። ጋሻው፣ ሁላቸውም ሜዳው ላይ አብረው ይህን ፎቶ የተነሱበት ቀን ፈጽሞ ትዝ እንደማይለው ጻፈ፤ ሌሎች ሁለት ተጫዋቾችም እንደዚያው አሉ።

ወዲያው ለጋሼ ዓንዶም ደወለች። መልካሙን ወሬ ነገረቻቸው።

«ቅዳሜ ሥራ አለሽ?» አሏት።

«የለኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ያንን አዲሱን ፎቶሾፕ ይዘሽልኝ ነይ፤ እኔም ልማር።»