የተገዘተው ጓሮ

ባለቤቴ ይሄይስ ሙግት ካላገኘ እህል አይወርድለትም። ፍኖተ ሰላም ላይ ጋሪ ከአስፋልት ይውረድ የተባለ ጊዜ፣ ጋሪም ፈረስም ሳይኖረው ለፈረሶቹ ሲሟገት ከረመ። የፈረሶቹ ነገር ሲበርድ ደግሞ ቡሬ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ በሆነ አገር ሰው ለራሱ የሚበቃውን ካናቢስ ከጓሮው እንዲተክል ተፈቀደ ሲባል በቴሌቪዥን ሰማ። ያን ዕለት ፊቱ በርቶ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አባብሎ ዘሩን አስመጣ።

አጫሽ እንዳይመስላችሁ። ሲጋራ የያዘ ሰው በአጠገቡ ካለፈ እንኳ ሲያስነጥሰው ይውላል። እሱን የሚያንገበግበው መከልከሉ ነው። "ጌሾ ተክላችሁ ጠላ ስትጠምቁ የጠየቃችሁ አለ? ይሸጥ አላልሁ! አንድ ቤት፣ አንድ ግንድ!" እያለ ከጅጋ ገበያ እስከ ሰንበቴው ሰበከ። ሰዉ ስቆ ያልፈዋል። ግንዱ እውነትም ከጌሾዬ መሀል መብቀሉን የማውቅ እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ መሳቅ አልቻልሁም።

ለኅዳር ጽዮን የእመቤታችን ማኅበር ጽዋ ወደ ቤቴ ሊገባ ነው። ሐዘን ተደራርቦብኝ ተራዬን ሁለት ጊዜ ለሰው አሳልፌያለሁ። አሁንም ካመለጠኝ ጽዋው ደጄን ሳይረግጥ እንዳልሞት ነበር ፍርሃቴ።

"ንቀለው" አልሁት።

"አንቺ ልትነቅይው አስበሻል ማለት ነው" አለና ዓይኑን አጠበበ።

በማግስቱ የንስሐ አባታችንን አባ ገብረሰንበትን ይዞ መጣ። ቃሪያችን እየተሰረቀ ነውና ጓሮውን ይገዝቱልን አላቸው። እኔ የተሰረቀ ቃሪያ አላየሁም፤ ግን በቄስ ፊት ባልን ውሸታም ማለት ይከብዳል። አባ ዓይናቸው ደከም ብሏል። ከአጥሩ ውጭ ቆመው መስቀላቸውን አወጡ።

"ሌባው እስኪናዘዝ ድረስ፣ ከዚህ አጥር ውስጥ ቅጠል የበጠሰ፣ ሥር የነቀለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ!"

ይሄይስ በደስታ መሬት ሳመ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴን ቃሪያ በዓይኔ እያየሁ ከገበያ እገዛ ጀመር።

ግንዱ ከጌሾው በላይ ራሱን ሲያወጣ ሚሊሻው ክንዱ አየውና ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገረ። ሊቀመንበሩም እስከ ጽዮን ካልተነቀለ ለፖሊስ አስታውቃለሁ አለ። አባ ሲሰሙ ከደጃችን መጥተው "እታለም ልጄ፣ ያ ነገር ባለበት ቤት ጽዋ አልባርክም" አሉኝ።

እሳቸው እያሉ ክንዱ ገጀራውን ይዞ ደረሰ።

"ግባ፣ ንቀል" አለው ይሄይስ፣ አጥሩን ራሱ እየከፈተለት። "ብቻ ተገዝቷል።"

"እውነት ነው አባ?" አለ ክንዱ።

አባ ጥምጣማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። "እውነት ነው።"

"አያ ይሄይስ፣ እኔ ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ" ብሎ ክንዱ ገጀራውን መለሰ።

"ታዲያ ይፍቱት እንጂ አባ!" አልሁ።

"ሌባው ሳይናዘዝ?" አለ ይሄይስ ቀደም ብሎ። "እንዲያ ከሆነማ ከእንግዲህ ግዝት ማን ይፈራል?"

አባ ንግግሩ ቢመራቸውም እውነት ሆነባቸው። የሌለ ሌባ ደግሞ እስከ ዕለተ ምጽአት አይናዘዝም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእኔ መሰለኝ።

ከማኅበሩ በፊት ባለው እሑድ በዚሁ ጉዳይ ከዋርካው ሥር የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ይሄይስ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። ብናደድበትም እውነቱን ልናገር፣ አንደበቱ ያምራል፤ ያገባሁትም በዚሁ ምላሱ ነው። "አልሰረቅሁ! አልሸጥሁ! የማንንም ልጅ አላሳትሁ! ለራሴ የተከልሁትን ለራሴ ብጠቀምበት ማን ተጎዳ? መንግሥትስ ከጓሮዬ ምን አለው?" ሲል ከኋላ የቆሙ ጎረምሶች አጨበጨቡለት።

ያኔ መነኩሲቷ እማሆይ አስካለ ማርያም መቋሚያቸውን አነሡ።

"አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ ምን ምን ይላል?"

"ምኑ፣ እማሆይ?"

"ቅጠሉ ነዋ። ቀምሰኸው የለም?"

ይሄይስ ጉሮሮውን ጠረገ። "አልቀመስሁም።"

"ምነው? ያንተው አይደለም እንዴ?"

"የእኔ ነው... ግን አባ ሲገዝቱ ማንም ይሁን ማን ብለዋል።"

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። አባ ገብረሰንበት እንኳ በጋቢያቸው ተከናነቡ። ለራሴ ልጠቀም እያለ አገር ያስቸገረ ሰው፣ ለካ አንዲት ቅጠል መበጠስ ፈርቶ ከርሟል። ግንዱ ይቆይለት ብሎ እጅ ያወጣለት አልተገኘም። ሁሉ ሲስቅበት ግን አንጀቴን በላው።

የጽዮን ዕለት ጎረቤት ለምኜ ባገኘሁት ጌሾ የጠመቅሁት ጠላ ደርሷል። ሲነጋጋ ነጠላዬን አደግድጌ ተነሣሁ።

"ወዴት ነው?" አለ ይሄይስ ከመደቡ።

"ልነቅለው።"

"ተገዝቷል እኮ!"

"ልገዘታ። ብቻ ጽዋው ይግባልኝ።"

አላመነኝም። አጥሩ ሲንቋቋ ሲሰማ ግን በባዶ እግሩ ሮጦ አለፈኝ። "አንቺስ አትገዘቺም!" ብሎ ግንዱን በሁለት እጁ ይዞ ከነሥሩ መነገለው። ከዚያ እንደ ተቃጠለ ሰው እጁን እያራገፈ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ወደድሁት።

አባ እንደ መጡ እግራቸው ላይ ወደቀ። መንቀሉንም፣ የቃሪያው ሌባ ውሸት መሆኑንም ተናዘዘ።

"እንግዲያ ሌባው ተገኘ" አሉና ግዝቱን ፈቱት። ስግደት ሲያዝዙት፣ "በዛ አባ፣ ይቀነስ" ብሎ ሙግቱን ወዲያው ጀመረ። ጽዋው ያን ዕለት በእልልታ ቤቴ ገባ።

እስከ ዛሬ ሴቶቹ ያን ድፍረት ከየት አመጣሽው ይሉኛል። ከቤቴ ደጃፍ እስከ ጓሮው አጥር ዶሮ ተንደርድራ የምትደርስበት ነው። እኔ ግን ያን ጧት ነጠላዬን ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርሁ፣ የአጥሩንም በር ሆን ብዬ አንቋቋሁት። ይሄይስ ባይነሣ ኖሮ ምን አደርግ እንደ ነበር ለአባም አልነገርሁ።