የመቃብር ዘበኛ፣ ለመቶኛው ቦታ

ሁሉም ነገር የተበላሸው የዛሬ ሦስት ዓመት በቅዱስ ሉቃስ ዕለት ነው፣ በራድሚሎ ቤት የዓመት በዓል፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሚዜው ኦግኜን የስንዴ ንፍሮውን እየቃመ ራድሚሎ ለማግስቱ ውድድር የመረጣቸውን መቶ የጨዋታ ካርዶች አገላብጦ አገላብጦ አንዷን መዘዘና፣ ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች፣ እዚህ አገር ሙታን የሚያስነሣ ማን አለ፣ አትፍራ፣ አውጣት አለው። አወጣት። በሒሳብ የተመረቀ ሰው፣ አስልቶ የሚያድር ሰው፣ አወጣት።

ዛሬም ያው በዓል ነው፣ ነገም ያው ውድድር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ሰው፣ ሁሉም ለራሱ፣ ያሸነፈ የኒሽ ከተማን ስም ይዞ ቤልግሬድ ይሄዳል። ዘጠና ዘጠኙ ካርድ ተመርጧል። ለመቶኛው ሁለት ቀርተዋል፣ አንዷ ሁልጊዜ የምትጠቅም፣ ከክምሩ ተጨማሪ ሁለት ካርድ የምታስመዝዝ፣ ማንም የማይነቅፋት፣ ሌላዋ የመቃብር ዘበኛ፣ የሞቱትን ካርዶች ጠራርጋ ከጨዋታ የምታስወጣ፣ የሞተ ካርዱን መልሶ የሚያስነሣ ተጫዋች ከሌለ ግን በበጋ እንደ ተያዘ ጃንጥላ እጅ ላይ የምትቀር።

እንግዲህ እናስላው፣ ከሦስት ተጫዋች አንዱ ሙታን ያስነሣል እንበል፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ብጫወት አልይዛትም፣ እዚህ ግን ተቃዋሚዬ ሦስት ነው፣ ሦስቱም የማያስነሡ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል ስምንት ከሃያ ሰባት፣ ሠላሳ በመቶ እንኳ አይሞላም። ያኔም ይህን ያውቅ ነበር። እያወቀ። እግዜር በሰማይ ሚዜ በምድር ትል ነበር እናቱ፣ እንግዲህ በምድር ያለው አውጣት ካለ ምን ይባላል።

አንተ ሰውዬ፣ ትላለች ቦሲልካ፣ ሚስቱ፣ ከማድ ቤት፣ ካርድህን አንሣ፣ ንፍሮውን የት ላስቀምጠው፣ አናትህ ላይ? እሺ፣ አንድ ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ካልክ ሰዓት ሆነህ!

ያኔ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በማግስቱ፣ በውድድሩ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ፣ እሱና ኦግኜን፣ ዕድሜውን ሙሉ በዘንዶ ካርዶች የሚጫወተው ኦግኜን፣ ያን ቀን ግን ዘንዶ የለም፣ በአንድ ጊዜ ዐሥራ አንድ ሬሳ አስነሥቶ ለቀቀበት፣ አዳራሹ ጮኸ፣ ምን ላድርግ ሚዜዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ እያለ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። መቶ ካርድ በአንድ ሌሊት ይለቀማል? አይለቀምም። ወይስ እቤቱ ሌላ መቶ ካርድ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፣ ጠዋት ተነሥቶ ዘንዶውን ትቶ ያንን አነሣ፣ ምክንያቱም ዘበኛዋ እንደሌለች ያውቃል፣ ይሄ ይብሳል፣ አይ፣ ያኛው ይብሳል። ወይ ደግሞ ረስቶት ነበር። ሰው ይረሳል። እሱ ረስቶት እኔን ሦስት ዓመት ሲበላኝ?

በሩ ይንኳኳል። የዓመት በዓል እንግዳ አይጠራም፣ አይመለስም፣ ኦግኜን ጠርሙስ ይዞ ገባ፣ ጉንጩን ሦስቴ ሳመው፣ እንኳን አደረሰህ ሚዜዬ፣ ቦሲልካዬ አንቺማ እያማረብሽ ነው፣ እሱ ግን አረጀብሽ፣ ምን ትመግቢዋለሽ? ይስቃሉ። ራድሚሎም ይስቃል፣ አፉ ብቻ። ኦግኜን በማንኪያ ንፍሮውን አፈሰ፣ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ዘበኛ ወረደ፣ ኧረ በእግዜር፣ አሁንም ይቺን ሴትዮ ይዘሃል? አትጠቅምህም ብዬህ አልነበር?

በዚህ ቀን የቤቱ ጌታ ቆሞ ያስተናግዳል እንጂ አይቀመጥም፣ አባቱ በተሰበረ እግሩ ቆሞ አስተናግዷል፣ ራድሚሎ ግን ወንበር ይስባል፣ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፣ ቦሲልካ ከያዘችው ጠርሙስ ሳትቀዳ ትቆማለች፣ ምን ሆንክ ሚዜዬ፣ አመመህ? አላመመኝም። ሁለት በዓል መጥተህ በላህ፣ አስተናገድኩህ፣ ዝም አልኩ። ይቺን አውጣት ስትለኝ በማግስቱ በምን እንደምትጫወት ታውቅ ነበር? ቀልድ አምጣ አላልኩህም፣ ሚስቴን አትያት፣ እኔን እየኝ፣ ያፍህን ዋጥና መልስልኝ።