ፎቶ የሌለው ቅሬታ

የሕንፃችን ነዋሪዎች የስልክ ግሩፕ በእኔ እጅ ከመግባቱ በፊት የወሬ ገበያ ነበር። አንዱ ሊፍቱ ቆመ ይላል፣ ሳይቆም። ሌላዋ ሌባ ገባ ትላለች፣ የገባው ባሏ ነው። እኔ ደግሞ የተንዛዛ ነገር አልወድም። ሕግ አወጣሁ፦ ፎቶ የሌለው ቅሬታ ይሰረዛል፤ ሦስት ጊዜ የተሰረዘበት ለሳምንት አይጽፍም። አስፈጻሚው ግሩፑ ላይ የጫንኩት፣ ይሉኝታ የማያውቅ ሮቦት ሆነ። "አስተዳዳሪውም ቢሆን" ብዬ ጨመርኩበት፤ በዚህች ቃል ኮርቼ ነበር።

ሰዉ አጉረመረመ፣ ከዚያ ዝም አለ። ዝምታውን ሰላም ብዬ ቆጠርኩት።

ሰኞ ዕለት ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ምድጃ ጠጋኝ "ከጋዝ ሲሊንደሩ ክፍል ሽታ ይወጣል" ብለው ሦስት ጊዜ ጻፉ። ታገዱ። ሊያስረዱኝ በሬን ሲያንኳኩ፣ "ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ ሕግ ልጣስ?" አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ሳለሁ ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወለች።

"አቶ ሕጉ" አለች፣ እንደ ልማዷ እያሾፈች። "ደረጃው ጋዝ ጋዝ ይሸታል። ብጽፍ ሮቦትህ ሰረዘብኝ።"

"ፎቶ አንስተሽ ላኪያ።"

"ሽታ ደግሞ እንዴት ነው ፎቶ የሚነሳው?" ሳቀች። "በል ተወው፣ ራሴንም አሞኛል። ልጄን አቅፌ ጋደም ልበል።"

"ለእህቴ ብዬ አላዳላም" አልኩና ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ፋይሌን ሁለት ገጽ እንዳገላበጥኩ ክው አልኩ። ትናንት እኔው ራሴ፣ ከተሰበረው የሕንፃችን ደረጃ መደገፊያ ፎቶ ጋር፣ ማስታወቂያ ለጥፌያለሁ፦ "ነገ አራት ሰዓት ላይ በያጅ ይመጣል።" ሰዓቴን አየሁ። ለአራት አምስት ጉዳይ ነበር።

እህቴ ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። በያጁም አያነሳም። የምድጃ ጠጋኙን ስልክ ቁጥር ይዤ አላውቅም። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ "ጋዝ አለ። በያጁን አስቁሙት፣ ሁላችሁም ውጡ።"

መልእክቱ ጠፋ። "ፎቶ የሌለው ቅሬታ። አንደኛ ማስጠንቀቂያ።"

ደገምኩ፤ ጠፋ። ሦስተኛውን የጻፍኩት የቢሮውን ደረጃ እየሮጥኩ ስወርድ ነው። "ለሳምንት ታግደዋል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።" ምስጋናውንም ያኔ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ያገኘሁትን ፎቶ፣ የጫማዬንም ቢሆን፣ አያይዤ መላክ እችል እንደነበር የገባኝ ከታገድኩ በኋላ ነው።

ታክሲ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ከሕንፃው ማዶ የምትሠራው ልብስ ሰፊ፣ የአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፣ ግሩፑ ላይ አንድ ፎቶ ልካለች። ምንም አልጻፈችበትም። ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የእህቴ ቢጫ መጋረጃ ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሏል።

እንዲጠፋ ለመንኩ። ሮቦቱ ግን አልሰረዘውም፤ ፎቶ ነበረው።